ለአማቴ አየር ስቸር

ሰው ለመግደል ጥቂት የቀረው ደግ ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ይኸው እኔ አለሁላችሁ። ክፉ ሰው ቢገድል ምን ይገርማል፤ ሥራው ነው። እኔ ግን አማቴን ልገድል የተቃረብኩት በደግነት ነው፤ ያውም ቤት ሙሉ ሰው እየመረቀኝ። ነገሩ ከሆነ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ዛሬ የቱ ጋ እንደሳትኩ አውቃለሁ። ያኔ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ጭጋግ ውስጥ እንደገባ በቅሎ ነበርኩ፤ ፊቴን ከኋላዬ አልለይም።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ዘመኑ የንጉሡ ነው፣ ወደ ማለቂያው። ዕድሜዬ ሃያ ስድስት፣ ሥራዬ ሱሉልታ ጽሕፈት ቤት ውስጥ መዝገብ መያዝ፣ ሀብቴ አንድ ካፖርትና አንድ ትልቅ ስም። ስሙ «እንግሊዝኛ ያውቃል» የሚል ነው። አዲስ አበባ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬ ነበርና፣ መንገድ የጠፋው ፈረንጅ መኪናውን ባቆመ ቁጥር እኔ እጠራለሁ። ሄጄ «ዬስ፣ ዬስ» እላለሁ፤ ጎጃም መውረድ የፈለገው ፈረንጅም ዞሮ ወደ እንጦጦ ይወጣል። ፈረንጁ የት እንደደረሰ ተከትሎ የሚያይ ስለሌለ ስሜ ሳይነካ ቆየ።

በዚሁ ስም ጫልቱን አገባሁ። አባቷ ኦቦ ፈይሳ የሱሉልታ ባለ ወፍጮ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ዱቄት ሲተነፍሱ፣ በዚያ ላይ ትምባሆ ሲያጨሱ ኖረው፣ እኔ ልጃቸውን ባገባሁ በዓመቱ ደረታቸው እምቢ አለ። ከአልጋ እስከ በር ለመድረስ ሁለቴ ያርፋሉ። አዲስ አበባ ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ተኝተው፣ «ቤቴ ውሰዱኝ፤ እዚህ ያለው ሞት እንኳ አያውቀኝም» ብለው አስቸገሩ። ፈረንጁ ሐኪማቸው ደግ ሰው ነበርና፣ የኦክስጅን ቦምቦላ ከነመለኪያው አውሶን ወደ ቤት እንድንወስዳቸው ፈቀደ።

መመሪያውን እንድቀበል የተላክሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን ይላካል። ሐኪሙ ረጅም ነገር ነገረኝ። በየመሐሉ ቆም ብሎ ያየኛል፣ እኔም «ዬስ» እላለሁ። አጠገቡ የቆመች የአገራችን ልጅ፣ አንዲት ነርስ፣ «ጋሼ፣ ላስረዳዎት?» አለችኝ።

«እንግሊዝኛ አውቃለሁ እኮ እህቴ» አልኳት።

ነርሷ ትከሻዋን ሰብቃ ወደ ሥራዋ ሄደች። ሐኪሙም ሁሉንም በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ወረቀቱን መኪና ውስጥ ሆኜ አነበብኩት። እሳት አይቅረብ ይላል፤ ገባኝ። ጭስ፣ ሻማ፣ ሲጋራ፤ ገባኝ። ቅቤና ዘይት መክፈቻውንም ሆነ በሽተኛውን አይንካ፤ ገባኝ። «ሁለት» ይላል፣ «ከሁለት አይለፍ» ይላል፣ ከሥሩ ሁለቴ ተሰምሮበታል። ከዚያ ወዲያ አራት መስመር ነበረ። አራቱም መስመሮች ላይ ረዣዥም ቃላት ተሰልፈዋል፤ አንዱንም አላውቀው። አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ዋናው ነገር ገብቶኛል፣ የቀረው የፈረንጅ ሰላምታ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ቦምቦላውን ከአልጋው ራስጌ ካለው ምሰሶ ጋር በሰንሰለት አሰርነው። ከላዩ የመስታወት ቱቦ አለ፤ ቱቦው ላይ ከአንድ እስከ አስር ቁጥር ተጽፏል፤ ውስጡ አተር የምታህል ኳስ አለች። መክፈቻውን ስትጠመዝዝ ኳሷ ትነሳለች፣ የቆመችበት ቁጥር የአየሩ ልክ ነው። ከዚያ ቀጭን ጎማ ወደ አማቴ አፍንጫ ይሄዳል። እኔ ኳሷን ሁለት ላይ አቆምኩና እንደ ወረዳ ገዥ ትእዛዝ ማስተላለፍ ጀመርኩ። ምድጃው ወደ ውጭ ጎጆ ወጣ። ቄሱ ጸሎት ሊያደርሱ ሲመጡ ጧፋቸውን ደጅ አስጠፋሁ። የአማቴን ወንድም ኦቦ ጉርሜሳን ከነጋያቸው ከደጃፍ መለስኳቸው። ትምባሆ ለኦቦ ጉርሜሳ ሁለተኛ ሚስት ነበረች፤ ቂም ያዙብኝ።

የጫልቱ እናት እማማ ድንቄ በዝግታ ጠየቁኝ። በአገሩ ወግ አማች ይከበራልና እኔን፣ ያንን ጎረምሳ፣ አንቱ ይሉኝ ነበር።

«ለምንድነው ሁለት ብቻ የሚሆነው? ወረቀቱ ነገርዎት?»

ያቺን ወረቀት አስታወስኩ። አልነገረኝም። ወይም ነግሮኛል፣ እኔ አልሰማሁትም። «እንዲበረክት ነው» አልኳቸው።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ፤ ይህች «እንዲበረክት ነው» የምትል ውሸት ከአፌ የወጣችው ሳላስባት ነው። ነገሩን ሁሉ ያበላሸችው ግን እሷ ናት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቱ በጠያቂ ሞላ። ኦቦ ጉርሜሳ ጋያቸውን ደጅ ትተው ገቡና ከወንድማቸው አልጋ አጠገብ ተቀመጡ። ኳሷን ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አድርገው አዩዋት።

«ሶዳ» አሉኝ፤ አማች ማለታቸው ነው፣ «ይህች ነገር እስከ ስንት ትሄዳለች?»

«እስከ አስር።»

«ለወንድሜ ስንት ሰጠኸው?»

«ሁለት።»

ወደ ጠያቂው ዞሩ። «ሰማችሁ? ከአስር ላይ ሁለት። ጠላም ስትቀዳ እንዲህ ነህ?»

ሴቶቹ በነጠላቸው ሥር ሳቁ።

«እንዲበረክት ነው ኦቦ ጉርሜሳ።»

«ለማን ነው የሚበረክተው? ለእኔ ከሆነ ተወው፤ እኔ አልታመምኩም።»

«ሐኪሙ ነው ያለው።»

«ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፣ አያውቅም። በእኛ ቤት ዋንጫ ጎድሎ አይሰጥም። አየር ደግሞ ሜዳ ሙሉ አለ፤ በአየር የሚሰስት አማች ዛሬ ገና አየሁ።»

እማማ ድንቄ፣ «ተዉ እንጂ፣ እሳቸው የሚያውቁትን ያውቃሉ» አሉ። ሲሉ ግን ወደ እኔ አላዩም፤ መሬት መሬት አዩ። ጫልቱም መሬት አየች። በዚያ ቤት ለእንግዳ ከመጉረስ በፊት ማጉረስ፣ ዋንጫውን እስኪፈስ መሙላት ወግ ነው። ከሞላው የሚያጎድል አማች ከሌባ አይሻልም። አልጋው ላይ ኦቦ ፈይሳ ትንፋሽ እያጠራቸው ነው፤ እኔ የቀረውን ስምንት ቁጥር ይዤ ቆሜያለሁ። እንዲበረክት ነው ብያለሁ፤ የበረከት ነገር ከሆነ ደግሞ ሲያልቅ አዲስ አበባ ሄዶ ሌላ ማምጣት ነው። በራሴ ውሸት ራሴ ተያዝኩ።

ተነሥቼ መክፈቻውን ጠመዘዝኩ። ኳሷ አራት ላይ ቆመች።

ብዙም አልቆየ፤ የአማቴ ከንፈር ቀለም አወጣ፣ ፊታቸው ቀላ። ኦቦ ጉርሜሳ፣ «አያችሁ? ሰውየው ጠምቶት ነበር» አሉ። ምርቃቱ ወረደ፦ «ልጅ ይውጣልህ፣ እድሜ ይስጥህ።» ወደ ማታ ሌላ ጠያቂ መጣ፣ ሌላ ምርቃት፤ እኔም ስድስት አደረግሁት። ኦቦ ፈይሳ ለወራት ተኝተው የማያውቁትን እንቅልፍ ተኙ። እያንኮራፉ። እማማ ድንቄ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ «አምላክ በእርስዎ በኩል ጎበኘን» አሉኝ። እኔም፣ ምን ላድርግ፣ አመንኳቸው።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ልሄድ ብቅ ስል አማቴ ነቅተዋል። «ራሴን» አሉ፣ «ራሴን ሊሰነጥቀው ነው።» ጉንጫቸው ቲማቲም ይመስላል፣ ግንባራቸው ላብ አቸፍችፏል። «እንዴት አደሩ?» ስላቸው ትኩር ብለው አዩኝና፣ «ቦራ፣ ማን ከጋጣ አወጣህ?» አሉኝ።

ቦራ የእርሻ በሬያቸው ነው።

«እኔ ነኝ አባባ፣ አየለ ነኝ።»

«ሞተሩን አጥፋው። በዝቷል።»

«ምኑ ነው የበዛው?»

«ሁሉም» አሉና ዓይናቸውን ከደኑ። እጃቸውን አየሁት፤ ጣቶቻቸው ክንፉ እንደተመታ ወፍ ይርገበገባሉ። ትኩሳት ነው? እርጅና ነው? ወፍጮ ቤታቸው በሕልማቸው መጥቶ ነው? አንዱም አልገጠመልኝ። የሚሞት ሰው ይገረጣል ሲባል ነው የማውቀው፤ እሳቸው ግን እንደ ሙሽራ ቀልተዋል።

እማማ ድንቄ ለራስ ምታቱ ለጋ ቅቤ ይዘው መጡ፤ አናታቸውን ሊቀቧቸው። እኔ እጄን ዘርግቼ ከለከልኩ። «ወረቀቱ ቅቤ አይቅረብ ብሏል» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። እውነት ነው፣ ብሏል። የማውቃትን መስመር እንዲያ ጠብቄ፣ የማላውቀውን መስመር ኪሴ ውስጥ ይዤ እየዞርኩ ነበር። ቅቤው ተመለሰ። እኔም የከፋባቸው አየር አንሷቸው ነው ብዬ ኳሷን ስምንት ላይ አደረስኳትና ቢሮ ሄድኩ።

ቀትር ላይ ጫልቱ ራሷ ቢሮ መጣች። በሩ ላይ ቆማ፣ «አባባ አይነቃም» አለችኝ።

ቤት ደርሼ ጠራኋቸው፣ ነቀነቅኳቸው። ትንፋሻቸው አለ፤ ግን እንደሰነፈ ሠራተኛ ነው፤ አንዴ መጥቶ ይቀመጣል፣ መምጣቱን ትጠብቃለህ፣ ትጠብቃለህ። መልካቸው የሙሽራ፣ ትንፋሻቸው የሟች። ኳሷን አየኋት፤ ስምንት ላይ ደስ ብሏት ትደንሳለች። ልጨምር? ልቀንስ? በሕይወት ያቆማቸው ስምንቱ ከሆነ ስቀንስ ሊሞቱብኝ ነው። ያደከማቸው ስምንቱ ከሆነ… ይህን ደግሞ እስከ መጨረሻው ማሰብ አልቻልኩም። አየር እንዴት አድርጎ ሰው ይጎዳል? ሳልነካው ሮጥኩ።

በሱሉልታ ክሊኒክ ቁስል የሚያጥበውና መርፌ የሚወጋው ድሬሰር ቶሎሳ አጭር፣ ቁጡ ሰው ነበር፤ እኔን «ባለ ካፖርቱ» እያለ ነበር የሚጠራኝ። ቦርሳውን አንግቶ አብሮኝ መንገድ ጀመረ።

«አየሩ ስንት ላይ ነው?» አለኝ።

«ሁለት ላይ» አልኩት።

ለምን እንደዋሸሁት እስከ ዛሬ በትክክል አላውቅም። ወረቀቱ ላይ ሁለቴ የተሰመረባት መስመር ዓይኔ ላይ ድቅን ብላ፣ እሷን ማለት ትክክለኛ መልስ መስጠት መሰለኝ፣ ልክ እንደ ፈተና።

ድሬሰሩ ራሱን ነቀነቀ። «በሁለት እንዲህ ከሆነ እንግዲህ አንሶታል። ገብተን እንከፍትለታለን።»

በአንድ በኩል፣ «አየህ፣ መጨመሩ ልክ ነበር» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በሌላ በኩል፣ ውሸታም ሲባል አስቀድሞ የማያስብ ነውና፣ ቁጥሩ መስታወት ላይ ቁልጭ ብሎ እንደሚታይ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። «ጠያቂውን ላስወጣ፣ ልቅደም» ብዬው ሮጥኩ። ገባሁ። ኳሷን ወደ ሁለት አወረድኳት።

ጫልቱ አየችኝ። «ምን እያደረግክ ነው?»

«ዝም በይ።»

ዓይኗን ከእኔ አላነሳችም።

ድሬሰሩ ገባ። የአማቴን እጅ ያዘ፣ የዓይናቸውን ቆብ ገለጠ፣ ስማቸውን በኦሮምኛ ጠራ፤ መልስ የለም። ኳሷን አየ። «እውነትህን ነው፣ ሁለት ነው» አለ። እማማ ድንቄ ከእግራቸው በኩል፣ ኦቦ ጉርሜሳ ከራሳቸው በኩል፣ ጎረቤቱ በሩ ላይ። ድሬሰሩ መክፈቻውን ያዘና መጠምዘዝ ጀመረ። ኳሷ ሦስት ደረሰች። አራት።

ጫልቱ አሁንም እያየችኝ ነው። ብናገር ስሜ ያልቃል፤ ባልናገር አባቷ ሊያልቅ ይችላል። ሊያልቅ ይችላል እላለሁ እንጂ እርግጠኛ አልነበርኩም፤ እርግጠኛ ብሆን ጀግና በሆንኩ። ምንም ሳይገባኝ ነው አፌ የተከፈተው።

«ቆይ ቶሎሳ። ሁለት አልነበረም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ስምንት ነበር። ትናንት አራት፣ ማታ ስድስት፣ ዛሬ ስምንት። አሁን አንተ ሳትገባ ሮጬ ነው የመለስኩት።»

ድሬሰሩ እጁን ከመክፈቻው ሳያነሳ፣ «ከሐኪሙ የመጣ ወረቀት የለም?» አለ። ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። አነበበ። አራቱ መስመሮች ጋ ሲደርስ ከንፈሩን ነከሰና ጮክ ብሎ በአማርኛ መለሰው፦

«ሕመምተኛው እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ራሱን ካመመው፣ ነገር ከተምታታበት አየሩ በዝቶበታል ማለት ነው። ወደ አንድ አውርዱ፤ ጨርሳችሁ ግን አትዝጉ። ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ አታስተኙት፣ ወዲያው ወደ እኔ አምጡት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ይህን አንብበሃል?»

«አንብቤዋለሁ።»

«ገብቶሃል?»

«አልገባኝም» አልኩ። ያቺን ቃል በአደባባይ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

ኳሷን ወደ አንድ እያወረደ አስረዳን። እንዲህ ደረቱ ለረጅም ጊዜ የታመመ ሰው፣ አለ፣ የአየር ረሃቡን ለምዶት ይኖራል፤ እንዲተነፍስ የሚቀሰቅሰው ያ ረሃብ ነው። «አንተ አጠገብከው። የጠገበ ደግሞ ይተኛል፤ መተንፈሱንም ይረሳል።»

ከዚያ የሆነውን ብታዩ ትስቃላችሁ። ኦቦ ፈይሳን ቀና አድርገን አስቀመጥናቸው፤ እኔ ከጀርባ ደግፌ፣ ድሬሰሩ ከፊት «ተንፍስ፣ ሳል» እያለ። አልሰሙም። ኦቦ ጉርሜሳ ጎንበስ ብለው ጆሯቸው ውስጥ ጮኹ፦ «ካኢ ፈይሳ፣ ተነሥ። ወፍጮህ አሸዋ ነው የሚፈጨው እያሉ ያሙሃል። ካኢ። ቦራን ትናንት ሸጥኩት።» ምንም። «ለጫንጮ ነጋዴ ሸጥኩት። እሱም አረደው።»

የአማቴ ቅንድብ ተንቀሳቀሰ። ድሬሰሩ፣ «ቀጥል፣ ቀጥል» አለ። ኦቦ ጉርሜሳ ቀጠሉ፤ የስልሳ ዓመት የወንድማማች ስድብ ሁሉ አወጡ፤ ሴቶቹ እያለቀሱ ይስቃሉ። ሰዓት እንደዚያ ረዝሞብኝ አያውቅም። በመጨረሻ ኦቦ ፈይሳ በረጅሙ ሳሉ፣ ዓይናቸውን ገለጡና፣

«ውሸታም» አሉ።

ለወንድማቸው ነበር። እኔ ግን ከጀርባቸው ሆኜ፣ «አዎ አባባ» ብዬ መለስኩ።

ወተት ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መኪና መንገድ ላይ ተለምኖ ቆመልን፤ ድሬሰሩ ቦምቦላውን አቅፎ፣ እኔና ጫልቱ አማቴን ቀና አድርገን ደግፈን፣ ኦቦ ጉርሜሳ ከፊታቸው ሆነው ወንድማቸውን እየተሳደቡ፣ ሁላችንም ከኋላ ተጫንን። እንጦጦን እስክንወርድ ስድቡ አላለቀም። ሆስፒታል ስንደርስ ፈረንጁ ሐኪም ሊነግረኝ ሲጀምር፣ «ነርሷን ጥሩልኝ» አልኩ። መጣች። ተረጎመችልኝ። አሥራ አንድ ጊዜ «አልገባኝም፣ ድገሚልኝ» አልኳት፤ ባለቤቴ ቆጥራለች።

ዘጠኝ ቀን ቆይተው ወደ ሱሉልታ ተመለሱ፣ ከነቦምቦላቸው። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ከእንግዲህ ከአየሩ አጠገብ ማን ይቀመጥ ተባለ። እኔ ጥግ ይዤ ካፖርቴ ውስጥ ተሸሽጌያለሁ። አንዱ ጎረቤቱን ጠቆመ፣ ሌላው ድሬሰሩ ይምጣ አለ። እማማ ድንቄ፣ ከዚያ ሰኞ ወዲህ ቃል ያልተነፈሱኝ፣ ቀና ብለው አዩኝ።

«እሳቸው ይቀመጡ» አሉ።

ኦቦ ጉርሜሳ፣ «ድንቄ፣ አብደሻል?» አሉ።

«ሌላ ሰው ባስቀምጥ ገና ሊሳሳት ነው። እሳቸው ጨርሰዋል።»

ተቀመጥኩ። አማቴ በሁለት ቁጥር ሁለት ክረምት ኖሩ። ኦቦ ጉርሜሳ በመጡ ቁጥር ኳሷን አይተው፣ «ሶዳ፣ አሁንም አልጨመርክለትም?» ይሉኛል፤ እኔም፣ «አልጨምርም ኦቦ፣ ስስታም ነኝ» እላቸዋለሁ። ስስታም ተብሎ መጠራት እንዲህ ይጥማል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

እንግዲህ እናንተ አንባቢዎቼ፣ ዛሬ በየቤቱ የአየር ማሽን እየገባ መሆኑን እሰማለሁ። ከእሳትና ከቅቤ ጠብቁ፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ እኔ እንኳ አውቄው ነበር። ሐኪሙ የሰጣችሁን ቁጥር ግን እንደ ስስት አትዩት። አየሩ መድኃኒት ነው፤ መድኃኒት ደግሞ ለጠያቂ ሲባል አይጨመርም። ሰውየው ቀላ፣ ጥሩ ተኛ ብላችሁ ደስ ከማለታችሁ በፊት ቀስቅሱት፣ ስሙን ጠይቁት፤ በበሬ ስም ከጠራችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያልገባችሁን መስመር ኪሳችሁ አትክተቱ።

እኔ ከዚያ ወዲህ «አላውቅም» የማለት ልማድ ያዝኩ። ቢሮ አለቃዬ ሲጠይቀኝ አላውቅም፣ ልጆቼ ሲጠይቁኝ አላውቅም፣ ፈረንጅ መኪናውን ሲያቆም ከሩቅ እጄን አወናጭፌ አላውቅም። ብዙ ሰው አክብሮኛል በዚህ። ጫልቱ ግን ትናንት መነጽሬን የት እንዳስቀመጥኩ ጠይቃኝ ያንኑ ብመልስላት፣ «አንተ ሰውዬ፣ አሁንስ ይህንንም ከልክ አሳለፍከው» አለችኝ።